ድንጋዩን አላነሳሁለትም

ስለ ይቅርታ የሚያስተምር ታሪክ ፈልጋችሁ ከሆነ ይህን እለፉት። እኔ የማወራላችሁ ቂም ስለያዝኩበትና ቂሜን ስለተወጣሁበት ቀን ነው። ታሪኩን ከሌሎች አፍ ሰምታችሁት ሊሆን ይችላል፤ ሰው እየቀባባ ያወራዋል። ከባለቤቱ አፍ መስማት ሳይሻል አይቀርም።

በሙያዬ ፒያኖ ተጫዋች ነኝ። ሠርግ ላይ ወይም ሆቴል ውስጥ አይደለም። ጸጥ ባለ አዳራሽ፣ ከኦርኬስትራ ጋር፣ ከሞቱ መቶ ዓመት ያለፋቸው የአውሮፓ ሰዎች የጻፉትን ሙዚቃ በቃሌ ይዤ ነው የምጫወተው። የተወለድኩት ሰቆጣ ነው። አባቴ ገና ሳልድህ ስለሞተ እናቴ ብቻዋን አሳደገችኝ። ለትምህርት ብላ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ላከችኝ። እዚያ የገባሁበት ትምህርት ቤት ውስጥ ግማሽ ድምፁ የጠፋ አሮጌ ፒያኖ ነበር፤ ማንም ስለማይፈልገው ለእኔ ተረፈኝ። ከዚያ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ከዚያ በስኮላርሺፕ ቡዳፔስት ሄድኩ። ተመልሼ አዲስ አበባ እያስተማርኩ፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ወጣ እያልኩ ኮንሰርት እጫወታለሁ።

ይህ ሥራ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። እኩዮቼ ልጅ ሲያሳድጉ እኔ የግራ እጄን ቀለበት ጣት ሳሳድግ ነው የኖርኩት። ጀሪካን አላነሳም፣ ሽንኩርት አልከትፍም፣ የመኪና በር እንኳ የምዘጋው በክንዴ ገፍቼ ነው። እናቴ ይህን ስታይ ትስቅብኝ ነበር። ሰቆጣ በሄድኩ ቁጥር ጎረቤት ሰብስባ "ኑ እዩ፣ እኔ የወለድኳት እሷን ነው፣ ቤቱን የሚገዛው ግን እጇ ነው" ትላለች።

የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ሞላ ግን አይስቅም ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውቅ፤ ዕድሜውን አውቃለሁ፣ ፊት ለፊትም እርስዎ ስለው ነው የኖርኩት። በጽሑፍ ግን አንቱ አልለውም። አያ ሞላ የታወቀ የሀገር ሽማግሌ ነበር። ከጎረቤት ወረዳ ከዝቋላም ከደሃናም ደም የተቃቡ ሰዎች ሳይቀሩ እሱ ዘንድ ይመጡ ነበር። በተለይ ሰው ማስማል ያውቅበታል። ተጠርጣሪውን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አቁሞ ዓይኑን እያየ "በል ማል" ሲለው፣ የዋሸ ሰው ጉልበቱ ይከዳዋል ይባል ነበር።

ለእሱ እኔ አዝማሪ ነኝ። ኦርኬስትራ ብትለው፣ ኮንሰርት ብትለው፣ መሣሪያ መትቶ ማደር አዝማሪነት ነው፤ አዝማሪ ደግሞ በዘራችን የለም። ሙዚቃ ትምህርት ቤት የገባሁ ጊዜ እናቴን ደጇ ድረስ ሄዶ "ልጅሽን አስመልሺ" ብሏታል። አላስመልስም አለች። ከዚያ በኋላ ለዓመታት አኮረፋት፤ እኔን ደግሞ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። "ያቺ" ነበር የሚለኝ።

ነገሩ የተጀመረው ቡዳፔስት ነው። በተማርኩበት ከተማ ትልቅ አዳራሽ፣ ከትልቅ ኦርኬስትራ ጋር እንድጫወት ተጋበዝኩ። ለእንደኔ ዓይነቷ ይህ በዕድሜ አንዴ የሚመጣ ነው፤ ከዓመት በላይ ተዘጋጀሁበት። እናቴ ሁልጊዜ እሁድ ከቅዳሴ ስትመለስ እትዬ ዘሃራ ሱቅ ገብታ ትደውልልኝ ነበር። እትዬ ዘሃራ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ከእናቴ ጋር በግድግዳ የሚዋሰኑ፣ ሃይማኖታቸው ቢለያይም አንዳቸው ያላንዳቸው የማይውሉ ጓደኛሞች ነበሩ። ከኮንሰርቱ በፊት በነበረው እሁድ ስልኩ አልተደወለም። ብደውል አይነሳም። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ደረጀ "ጠበል ገብታለች፣ እዚያ ኔትወርክ የለም" አለኝ። ጠበል የምትወድ ሴት ስለሆነች አመንኩት።

ተጫወትኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተጫውቼ አላውቅም፤ እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝም ያ ነው። ቀይ ቀሚስ ለብሼ፣ ጥርሴ አልከደን ብሎኝ እየሳቅኩ እጅ ስነሳ የሚያሳየው ቪዲዮ በማግሥቱ በየስልኩ ተሰራጨ። ሰቆጣም ደረሰ።

ቦሌ የተቀበለኝ ደረጀ ነበር። አቅፎኝ ፊቴን ሳያይ ሻንጣዬን ይዞ ወደ መኪናው ሄደ። "ደክሞሻል፣ ዛሬ ተኚ" ብቻ አለኝ። ጎሕ ሲቀድ በር ተንኳኳ። ስከፍት አክስቴና የዘመድ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ቆመዋል። እናቴ ኮንሰርቱ ሳምንት ሲቀረው ሞታ ተቀብራ ነበር።

መርዶ መደበቅ ባህላችን ነው። ፈተና የደረሰበትን ተማሪ፣ አራስ ሴትን፣ ብቻውን ሰው ሀገር ያለን ሰው አያረዱም። በዚህ እነ ደረጀን አልተቀየምኳቸውም። አክስቴ ቤት ሐዘን ተቀመጥኩ፣ ለቀስተኛ መጣ፣ አለቀስኩ። አንድ ቀን ከሰቆጣ የመጣች ሴት እጄን በጣቷ ጫፍ ብቻ ነካ አድርጋ ተቀመጠች። ቡና ሳትቀምስ ልትነሳ ስትል አክስቴ ምን እንደሆነች ጠየቀቻት። እሷም ወደኔ ሳትዞር፣ ቀብሩ ላይ አልቃሿ እማማ ጥሩ ያወረዱትን ሙሾ ተናገረች፤

እንደ መካን ሴት ጎረቤት ቀበራት፣
አንዲት ልጅ ብትኖራት ዘፈን በለጠባት።

ሰቆጣ ሙሾ እንዲህ ዝም ብሎ አይወርድም። አልቃሽ የሰማችውን ነው የምትለው። እትዬ ዘሃራ ጋ ደወልኩ፤ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ሁሉንም ነገረችኝ። እናቴ እንደሞተች ልትደውልልኝ ስትል አያ ሞላ "የሥጋ ዘመድ እያለ አንቺ አትደውይም፣ እኔ እደውላለሁ" ብሎ ከልክሏታል። ቀብር ላይ ሰው ሁሉ "ልጇስ?" ሲል፣ ቃሬዛው አጠገብ ቆሞ "ደውዬ ነግሬያታለሁ። ኮንሰርት አለብኝ፣ እናንተው ቅበሩ አለችኝ" ብሏል። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ቀይ ቀሚሴ በየስልኩ መጣ። ከዚያ በኋላ ማን ይጠራጠረዋል?

ስልኩን ዘግቼ ደረጀን ማን አትንገሯት እንዳለው ጠየቅኩት። "አያ ሞላ ናቸዋ። ሥራዋን ጨርሳ ስትመጣ አርዷት አሉን" አለኝ። ለአዲስ አበባ አትንገሯት፣ ለሰቆጣ ነግሬያታለሁ። በአንድ አፍ ሁለት ምላስ ይሉታል ይህን።

እንባዬ እዚያው ደረቀ። የደረጀን ምስክርነት ሰቆጣ እንደማይቀበለው አውቅ ነበር፤ የኔ ወገን ነው። የእትዬ ዘሃራ ቃልም እደውላለሁ ማለቱን እንጂ አለመደወሉን አያረጋግጥም። እውነቱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ከእሱ አፍ መውጣት አለበት። የሚወጣበትን መንገድ ደግሞ ራሱ ሲሠራበት የኖረ ነው። የእናቴ አርባ እስኪደርስ የምናገረውን እንደ አዲስ የፒያኖ ኮንቸርቶ አጠናሁት፤ መጀመሪያ በዝግታ፣ በኋላ በፍጥነት፣ በመጨረሻ በቃሌ። ደረጀ ተይ ብሎ ለመነኝ። አልተውኩም።

እስከ ላሊበላ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በመኪና ሄድን። ዝናብ የቀረበት ዓመት ነበር፤ ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ደርቋል። ሰቆጣ ስንገባ ድሮ አንገቴ ላይ ይጠመጠሙ የነበሩ ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አድርገው አለፉኝ። እናቴ ቤት ለተዝካሩ ጉድ ጉድ የሚሉት ሴቶች ስገባ ወሬያቸውን አቋረጡ። አያ ሞላ ዳሱን ያስተክላል። ሰላምታዬን በአገጩ ተቀብሎ ዞር አለና ለሠራተኞቹ በኽምጣኛ "ያቺ መጣች፣ ካሜራ አልያዘችም እንዴ?" አላቸው። ኽምጣኛ የረሳሁ መስሎት ነው። የእናቴን ቋንቋ ማን ይረሳል? የኔ ሰዓት ግን ገና ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ፍትሐቱ ተደርሶ ሕዝቡ ዳሱ ውስጥ ተቀመጠ። ከሩቅ ቀበሌ በሌሊት ተነሥቶ በእግሩ የመጣ ሰው ብዙ ነበር፤ በዚያ ዓመት ጠግቦ የመጣ ደግሞ አልነበረም። እንጀራው ቀርቧል፣ ጠላው ተቀድቷል። የእናቴ ንስሐ አባት መምሬ ኪሮስ ሊባርኩ መስቀላቸውን ሲያነሱ ተነሣሁ።

"ከመባረኩ በፊት ቃል አለኝ" አልኩ። "የእናቴ መርዶ ተነግሯት ቀረች ተብያለሁ። ተደውሎልኝ ከሆነ አያ ሞላ ይማሉ። ከማሉ ጥፋቱ የኔ ነው፤ እዚሁ ፊታችሁ እደፋለሁ፣ ሁለተኛም በሰቆጣ ምድር አታዩኝም።"

ሽማግሌዎቹ ዛሬ የነፍስ ቀን ነው፣ ነገ እንነጋገራለን እያሉ ሊያስቀምጡኝ ሞከሩ። እኔም ሰው የተቀያየመበት ማዕድ አይባረክም ብላችሁ ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ አልኳቸው። እውነት ነው፤ በእኛ ዘንድ ሟች ቤት ውስጥ ጠብ ተገልጦ ከተነገረ፣ ሳይታረቁ ቄስ አይባርክም፣ ሰው አይቆርስም። ለዚህ ነበር ያንን ሰዓት የመረጥኩት። መምሬ ኪሮስ መስቀላቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ያ ሁሉ የራበው ሰው እንጀራውን ትቶ አያ ሞላን ማየት ጀመረ።

እሱ ሳቀ። "እኔን? ሰው ሳስምል የኖርኩትን?"

"እንግዲያው መንገዱን ያውቁታል" አልኩት።

ተነሣ፤ ከመነሣት ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ቤተ ክርስቲያኑ ከቤታችን ቁልቁል ቅርብ ነው። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላው፣ ሕዝቡ ከኋላችን ወረድን። ቢምልስ? አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ካወጣት ስሜ ለዘላለም ተቀበረ፣ እናቴም ልጅ እንዳልነበራት ሆና ቀረች። ይህን ሁሉ የጣልኩት መሐላ ይፈራል በሚል ግምት ላይ ነበር። የማያምን ሰው ቢሆንስ?

በሩ ጋ ሲደርስ ነጠላውን አጣፋ፣ ጫማውን አወለቀ። መምሬ ኪሮስ ሌላ ጊዜ እሱ ራሱ ሌሎችን ሲያስምልበት የኖረውን ቃል አስባሉት፤ "ለእህቴ ልጅ መርዶዋን ነግሬያታለሁ፤ ይህ ሐሰት ቢሆን ታቦቱ ይፍረድብኝ" እንዲል። ቀኝ እጁን አንሥቶ የበሩ መቃን ላይ አሳረፈ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ትንፋሹን ውጦ የመጀመሪያዋን ድምፅ ሲጠብቅ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ኑሮዬ ነው። እንዲህ ያለ ጸጥታ ግን ሰምቼ አላውቅም። አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ከዚያ እጁ ከመቃኑ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

"አልምልም" አለ በኽምጣኛ። "አልደወልኩላትም።"

መምሬ ኪሮስ ለምን ብለው ሲጠይቁት ወደ እኔ ዞረ። ያፈረ አይመስልም ነበር። "እህቴ በሕይወቷ አልሰማ ብላኝ አዝማሪ አደረገቻት" አለ። "ቢያንስ ሬሳዋ ላይ አዝማሪ እንዳይቆም አልኩ። የዚችም ስም ከዚህ ሀገር እንዲጠፋ ፈለግሁ።"

ሴቶቹ ደረታቸውን ይዘው ቀሩ። እኔ ደስ አለኝ። እናንተ ብትሆኑ ታዝኑ ነበር ይሆናል፤ እኔ ግን ከራስ ጠጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ደስ አለኝ። ቡዳፔስት አዳራሹ ሁሉ ቆሞ ሲያጨበጭብልኝ እንኳ የዚያን ያህል ደስ አላለኝም።

ሽማግሌዎቹ ጊዜ አላጠፉም። ማዕድ እየጠበቀ ነው፣ እርቁ እዚያው ማለቅ አለበት። በደለኛ ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳይ ፊት ይጎነበሳል፤ ተበዳይ "ይቅር ለእግዚአብሔር" ብሎ ድንጋዩን በገዛ እጁ ያወርድለታል። ያን ጊዜ እርቅ ሆነ ይባላል። ከአጥሩ ሥር ወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ አንሥተው አያ ሞላ ማጅራት ላይ ጫኑት። ሽቅብ እንደ ተጎነበሰ ወደ ዳሱ መለሱትና እግሬ ሥር አቆሙት።

"መጀመሪያ ሙሾዬ ይመለስልኝ" አልኩ።

እማማ ጥሩ ከሴቶቹ መሃል ተነሡ። ያወረዱት በእሱ ቃል ነበርና እሳቸውም ተናደው ነበር። መቀነታቸውን አጥብቀው ወደ እናቴ ቤት በር ዞረው አወረዱት፤

ልጅሽ መቼ ቀረች መርዶ ተነግሯት፣
ወንድምሽ ነው እንጂ ደጅ የቆለፈባት።

ሴቶቹ ተቀበሏቸው፤ ዳሱ እንደ ቀብር ቀን ተናወጠ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ የሳቡብኝ ሁሉ እየመጡ አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። አለቀስኩ፤ ለእናቴ በደንብ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው። በዚህ ሁሉ መሃል አያ ሞላ ድንጋዩን ተሸክሞ ቆሟል።

ልቅሶው ሲበርድ ሰው ሁሉ እኔን ጠበቀ። መምሬ ኪሮስ "ልጄ፣ በይ አውርጂላቸው፣ ሕዝቡ ደክሟል" አሉኝ። የአያ ሞላ የአንገቱ ሥር ተገታትሯል፣ ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። አንገቱን እንደምንም ቀና አድርጎ አየኝ።

"ስንዱ" አለ። "አውርጂልኝ።"

በስሜ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነበር። የዚህን ጊዜ ልቤ ራርቶ እጄን ዘረጋሁ እንድል እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። ራርቶም ሊሆን ይችላል። እጄን አየሁት። ይህ እጅ እሱ አዝማሪ ያለው፣ እናቴን አፈር ያላለበሰ እጅ ነው።

"አያ ሞላ፣ እኔ አዝማሪ ነኝ" አልኩት። "በእጄ ነው የማድረው። ከባድ ነገር አላነሳም።"

አንድ ሰው "ወይ ጉድ" ሲል ሰማሁ። መምሬ ኪሮስ ነውር ነው፣ የእናትሽ ማዕድ ሳይባረክ ሊቀር ነው ብለው ተቆጡኝ። ማዕዱን የሚከለክለው ቂመኛ እዚህ መቀመጡ ከሆነ ቂመኛዋ ትወጣለች፣ እናንተ ባርካችሁ ብሉ አልኳቸው። ከእናቴ ተዝካር አንዲት ጉርሻ ሳልቀምስ በሕዝቡ መሃል አልፌ ወጣሁ። እትዬ ዘሃራ ሮጣ መንገድ ላይ ደረሰችብኝ። "ክፉ ነሽ" አለችኝ እያለከለከች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "እናትሽም እንዲህ ነበረች" አለችና ቤቷ ወስዳ ምሳ አበላችኝ።

ድንጋዩን ያወረዱለት መምሬ ኪሮስ መሆናቸውን ደረጀ ነገረኝ። ነገር ግን ቄስ ቢያወርደው እርቅ አይባልም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው አያ ሞላን ለሽምግልና መጥራት ተወ። ድንጋዩ ያልወረደለት ሰው ሌላውን እንዴት ያስታርቃል? ጠዋት ጠዋት ነጠላውን አጣፍቶ ደጁ ላይ ይቀመጥ ነበር አሉ፤ ማንም ሳይመጣ ይመሽበታል። ይህን በሰማሁ ቁጥር ቀኔ የተባረከ ይሆን ነበር። ውሸት ምን ያደርግልኛል?

ያ ቀን ብዙ ነገሬን ለውጦታል። አሁን ኮንሰርት ሲኖረኝ ለአዘጋጆቹ አስቀድሜ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ፤ ከቤቴ ሞት ከተሰማ ከመድረክም ቢሆን አውርዳችሁ ንገሩኝ እላለሁ። ፈረንጆቹ ይገርማቸዋል። አጨዋወቴንም ቀይሮታል ይሉኛል። ከዚያ በፊት ድምፄ ንጹሕ ነበር፣ አሁን የግራ እጄ ይከብዳል፣ ቁጣ አለበት ይላሉ። ይክበድ። ሰቆጣ ውስጥ ደግሞ ጨካኝ የሚሉኝ ብዙ ናቸው። በዚህ አልከፋም። እናንተም ብትሉኝ አልከፋም፤ ባልሠራሁት ከምወቀስ በሠራሁት ብወቀስ ይሻለኛል።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ መምሬ ኪሮስ ደወሉልኝ። አያ ሞላ ማረፉን ነገሩኝ። እስኪያርፍ ድረስ ስለኔ ይጠይቅ እንደነበረ፣ ቀብሩንም ለእኔ ብለው እስከ ሰኞ ሊያቆዩት እንደሚችሉ ነገሩኝ። ደግ ሰው ናቸውና መውጫም አበጁልኝ፤ ኮንሰርት ካለብሽ ሕዝቡ ይረዳሻል፣ እኔም አስረዳልሻለሁ አሉኝ።

ቤቴ ተቀምጬ ነበር። ተማሪ አልነበረኝም፣ ጉዞ አልነበረኝም፣ ፒያኖውም ተከድኗል።

"ኮንሰርት የለብኝም፣ አባ" አልኳቸው። "ምንም ሥራ የለብኝም። ደህና ነኝ፣ መንገዱም ክፍት ነው። አልመጣም። ቀብሩ ላይ ሰው ሲጠይቅዎ ይህንኑ ይንገሩልኝ፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ።"

መምሬ ኪሮስ "እንዳልሽው እናገራለሁ" አሉኝ። ሰኞ ቃሬዛው አጠገብ ቆመው እንዳልኩት ተናገሩ።